መርዶ ለገዢው ልጅ

ሽቦው በታጠረ በመጀመሪያው በጋ ጂቡቲ ውስጥ ውሃ ጠፋ። በእኛ አገር ሰኔና ሐምሌ ክረምት ነው፤ እዚያ እሳት ነው። ነፋሱ አሸዋ ይዞ ይነሳል፣ በቀትር ፀሐይዋን ይጋርዳል። ሰው አፉን በጨርቅ አስሮ ይሄዳል። ፍየሎቹ ካርቶን ይበሉ ነበር፤ ኋላ እነሱም አለቁ። የውሃ ቦቴ ወደ ሰፈሮቹ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። ሕፃናቱን ኩፍኝ ያዛቸው።

ያኔ አገሩን የሚገዙት ፈረንሳዮች ነበሩ። ከተማዋን ዙሪያዋን በሽቦ አጥረዋታል። መታወቂያ የሌለው ሰው በአፈሳ ይያዝና ከሽቦው ውጭ ይጣላል። ከሽቦው ውጭ ድንጋይ ነው፤ ጥላ የለም። የተጣሉት ሰዎች ሲመሽ ወደ ሽቦው ተጠግተው ውሃ ይለምናሉ። ወታደሮቹ አንዳንዴ ይሰጣሉ፣ አንዳንዴ ይተኩሳሉ።

እኔ የገዢው ግቢ አትክልተኛ ነበርኩ። ከድሬዳዋ በባቡር ወርጄ ነው እዚያ ሥራ የገባሁት። ገዢ ይመጣል፣ ገዢ ይሄዳል። አንዱ ውሻ ይወድ ነበር፣ አንዱ ጸሎት። ያኔ የነበረው፣ ሙሴ ቫሬል፣ ጽጌረዳ ይወድ ነበር። ነጭ ልብሱን ለብሶ በማለዳ ይወጣና አበቦቹን አንድ በአንድ ያያል። በዚያ በጋ የጽጌረዳው ውሃ አልተቋረጠም።

ሚስቴ በቀለች የገዢውን ሴት ልጅ ታሳድግ ነበር። ልጅቷ ኦዲል ትባላለች። እናቷን ሙቀቱ አይስማማትም፤ ቀኑን ሙሉ መጋረጃ ዘግታ ትተኛለች። ኦዲል ያደገችው በበቀለች ጀርባ ላይ ነው። የእኛ ልጅ ሉሉ እኩያዋ ነበረች። ከግቢው ጀርባ ባለችው ክፍላችን ደጃፍ ሁለቱ አብረው ይውላሉ፣ ከአንድ ሰሃን ይበላሉ። የገዢው ልጅ ከፈረንሳይኛው አማርኛው ይቀናታል እያሉ እንግዶች ይስቁ ነበር።

ሐምሌ ላይ ሉሉን ኩፍኝ ያዛት። የኦዲል እናት፣ ማዳም፣ አየቻት። ወደ ኦዲል እንዳይተላለፍ ዛሬውኑ ከግቢ ትውጣ አለች። በቀለች ልጇን አዝላ ከተማ ውስጥ ወደምትኖር አክስቷ ቤት ወሰደቻት፤ አስተኝታት ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ በዚያ ሰፈር አፈሳ ሆነ። አክስቲቱ መታወቂያ አልነበራትም። ከነልጅቱ ከሽቦው ውጭ ጣሏቸው።

ገዢውን አበቦቹ አጠገብ አገኘሁትና ነገርኩት። ቆሞ ሰማኝ። ሰው ሲናገር የሚያቋርጥ ሰው አልነበረም።

«ዛሬ ቅዳሜ ነው» አለኝ። «ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል ዝግ ነው። ሰኞ ልጅህን ያመጡልሃል። ቃሌ ነው።»

ከዚያ አንዱን ጽጌረዳ ቀና አድርጎ ቅጠሉ ላይ ስላለው ትል ጠየቀኝ።

ሉሉ እሑድ ሞተች። የቀበሯት የማናውቃቸው ግመል ጠባቂዎች ናቸው። አክስቲቱ ኋላ በሰው በሰው ተመልሳ ስትገባ ነው የነገረችን። ቦታውን ልታሳየን አልቻለችም። ብታሳየንም ነፋሱ አልብሶታል።

የአገራችን ሰዎች ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። በቀለች ምንጣፍ አላስነጠፈችም።

«መጀመሪያ የዚያ ቤት ሰው ይምጣ» አለች። «ልጄን ያስወጣችው ትምጣ። ሰኞ ያለው ይምጣ። ልጃቸውን አዝዬ አሳድጌያለሁ፤ የእኔን ለቅሶ ይድረሱ። ያን ጊዜ አለቅሳለሁ።»

ከገዢው በረንዳ እስከ እኛ ክፍል ያለው አንድ የሣር መስክ ነው። አልመጣም። በዚያው ሳምንት ማዳምንና ኦዲልን በመርከብ ወደ አገራቸው ላካቸው፤ ሙቀቱ በረታባቸው ተባለ። ነፋሱ ሲቆም እሱም ሄደ። ሌላ ገዢ መጣ። እኛ ወደ ድሬዳዋ ተመለስን።

በቀለች አላለቀሰችም። ጥቁር አልለበሰችም፣ ተዝካር አላወጣችም፣ የልጇን ስም አልጠራችም። ልጅ ወልዳ አሳደገች፣ ሰው ቀበረች፣ የሰውን ለቅሶ ሁሉ ደረሰች። የራሷን አልተቀመጠችም።

*

አሁን የምንኖረው ዙሪክ ነው፣ ኧርሊኮን፣ ከልጃችን ከዝናሽ ጋር። ዝናሽ ከሉሉ በኋላ የተወለደች ናት። ቪንተርቱር አንድ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ትሠራለች፤ በባቡር ትመላለሳለች። እኔ ከቤት ብዙ አልወጣም። መስኮቱ ጋ እቀመጥና የሚያልፈውን አያለሁ።

በዚህ ዓመት የካቲት ላይ በቀለች በጉበቷ ታመመች። ሐኪሞቹ ለዝናሽ ለብቻዋ ነገሯት፤ ዝናሽ ለእኔ ነገረችኝ። በቀለች ሳይነግሯት አወቀች። ቤቴ ውሰዱኝ አለች። ሽፒቴክስ የሚሏቸው ነርሶች ጠዋትና ማታ እየመጡ መርፌ ይሰጧታል።

አንድ ቀን ሾርባ ሳጠጣት ማንኪያውን በእጇ መለሰችው።

«አስረስ፣ የዚያ ቤት ሰው ሳይመጣ ልሄድ ነው» አለችኝ።

ዝናሽ በር ላይ ቆማ ነበር። ተከትላኝ ወጣች።

«አባባ፣ የየትኛው ቤት ሰው ነው የምትለው? ትኩሳቱ ነው?»

«ትኩሳቱ አይደለም።»

«ታዲያ ማን ነው?»

«የእህትሽን ለቅሶ ያልደረሱ ሰዎች ናቸው።»

ዝናሽ እህት እንደነበራት ታውቃለች፤ ከዚያ በላይ ነግረናት አናውቅም። ያን ምሽት ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ የእናቷን ልብስ ማጠፍ ጀመረች፤ የታጠፈውን ፈትታ እንደገና አጠፈች።

ገና ሳምንት ሳይሞላ አምሃ ከጄኔቭ ደወለ። አምሃ የድሬዳዋው የከዚራ ሰፈር ልጅ ነው፤ አባቱ ከአባቴ ጋር ምድር ባቡር ሠርተዋል፤ የጂቡቲውን ነገር ያውቃል። በዕድሜ ታናሼ ነው፤ ግን የድሬ ልጅ ስለሆነ ለማንም አንተ ነው የሚለው።

«አስረስ፣ ተቀምጠሃል?»

«ቆሜያለሁ።»

«ተቀመጥ አቦ! ገዢህን አገኘሁልህ።»

«የቱን ገዢ?»

«ያንን ጽጌረዳውን! ኦ ቪቭ ግድግዳ ላይ አለ።»

«አልሞተም?»

«አቦ ፎቶው ነው! አንተ ሰውዬ፣ ቀልድ እንኳ አይገባህም።»

የአምሃ ሚስት ኂሩት ኦ ቪቭ በሚባለው ሰፈር አቅም ያነሳቸውን ሰዎች ቤታቸው እየሄደች ትረዳለች፤ ታለብሳለች፣ ታበላለች። በቅርብ የያዘቻት ሴት ሳሎን ውስጥ ነጭ ልብስ የለበሰ፣ ሜዳይ የደረደረ ሰው ፎቶ አለ። ጽጌረዳ መሐል ቆሟል። ከኋላው አንድ ሐበሻ የውሃ ጎማ ይዟል።

«ኂሩት ጠየቀቻት። አባቴ ናቸው፣ የጂቡቲ ገዢ ነበሩ አለቻት» አለኝ አምሃ። «በስልኳ አንስታ አመጣችው። ጎማ የያዝከው አንተ ነህ። ያኔም ፊትህ አይፈታም ነበር።»

«ልጅቷ ስሟ ማን ነው?»

«ኦዲል።»

ተቀመጥኩ።

ለበቀለች አልነገርኳትም። ተስፋ ሰጥቻት ባዶዬን ብመለስ ይገድላታል። አምሃን ልጠይቅ ነው ብዬ ነጠላዬን አጠፍኩ። አየችኝ።

«ቶሎ ተመለስ» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

*

አምሃ ኮርናቨን ባቡር ጣቢያ ተቀበለኝ። ሰርቬት ያለው ቤታቸው ምሳ በላንና በትራም ወደ ኦ ቪቭ ወረድን። ኂሩት ቀድማን ሄዳ ነበር። አምሃ ደረጃው ላይ እንዲህ አለኝ፦

«ፊት ለፊት ንገራት። አባትሽ እንዲህ አድርጓል፣ እናቲቱ እየሞተች ነው፣ ነይ በላት። ካልመጣች ተነስተን እንሄዳለን።»

በሩን ኂሩት ከፈተች። ከኋላዋ አንዲት ጸጉሯ የነጣ ሴት በምርኩዝ ቆማለች። ዳሌዋን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ገና አላገገመችም። ዓይኗ ያው ነው።

«አስረስ?» አለች። ስሜን ሳትሰብር ነው የጠራችው።

ምርኩዙን ጥላ አቀፈችኝ። ሳሎን ገብተን ተቀመጥን። ሻይ ቀረበ። የእኔ ፈረንሳይኛ የግቢ ፈረንሳይኛ ነው፤ ገባት። አባቷ ካረፈ ቆይቷል። በአልጋው ላይ ነው የሞተው፣ ሸምግሎ፣ መስኮቱ ሥር ጽጌረዳ ተክሎ። እናቷም ተከተለችው። እሷ እዚህ ከተማ ሕፃናት ስታስተምር ኖረች። ባሏ ሞቷል፤ ልጅ የላትም።

«ቤኬስ?» አለችኝ። በቀለችን እንዲያ ነበር የምትጠራት።

«ታማለች።»

«በጣም?»

«በጣም።»

ፊቷን በእጇ ያዘች። ቀና አለች። የሻይ ስኒዋን አነሳች።

«ሉሉስ?»

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ስኒው በእጇ ነው። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከፊቷ ሌሊት አለ። ቤቱ ውስጥ ከእሷ በቀር የሚያድር የለም። ልቧን የሚይዝላት አንድ ዘመድ አጠገቧ የለም። ኂሩት ከወጥ ቤቱ በር አሁን አይሆንም በሚል ራሷን ስትነቀንቅ አየኋት።

«ደህና ናት» አልኩ።

ኦዲል ሳቀች። እያለቀሰች ሳቀች።

«በየዓመቱ እጠይቅ ነበር» አለች። «አባባ ድሬዳዋ አያቷ ጋ ናት ይለኛል። ኋላ አገባች አለኝ። ሦስት ልጆች ወለደች አለኝ። ልጽፍላት እፈልጋለሁ ስል አድራሻ የላቸውም ይላል። እህት አልነበረኝም እኮ፤ እሷ ነበረችኝ። ልጆቿ ደረሱ?»

«ሻይሽ ቀዘቀዘ» አልኳት።

አምሃ ጣሪያውን እያየ ነበር። ቶሎ ተነሳን። በር ላይ ነገ በጠዋት ተመልሼ እንደምመጣ ነገርኳት።

ደረጃው ላይ አምሃ እጄን ያዘ።

«ደህና ናት አልካት? የሞተችውን ልጅ?»

«ብቻዋን ነበረች።»

«አቦ ፈረንጅ ናት! ፈረንጅ በስልክ ነው የሚረዳው። በፖስታ ነው የሚረዳው። ዙሪክ ድረስ መንገድ አለህ፣ ሚስትህ እያጣጣረች ነው፣ አንተ ወግ ታወጣለህ!»

«በቀለች ያሳደገቻት ናት። እንደ ውሻ አላረዳትም።»

ኂሩት ኮቷን እየለበሰች ወጣች።

«ጋሼ ልክ ናቸው» አለች። «ነግረዋት ቢወጡ ሌሊቱን ብቻዋን ምን ልትሆን ነበር? ልቧም ደካማ ነው፤ መድኃኒቷን የምሰጣት እኔ ነኝ።»

«በቃ፣ አንቺም!» አለ አምሃ። «ታዲያ መቼ ነው?»

«ነገ ማለዳ። ሰው ሰብስብልኝ።»

«በሥራ ቀን? ጄኔቭ? ለገዢ ልጅ? ማን ነው የሚመጣልህ?»

ይህን እያለ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ሰውየው እንዲህ ነው።

እየሄድን አሰብኩ። ገዢውም ደብቋል። እኛም እንደብቃለን፤ ሟች ካለው ሰው ወር እንኳ እንደብቃለን። ግን እኛ የምንደብቀው የምንነግርበትን ቀን ቆርጠን ነው። ሰው እስኪሰበሰብ፣ እስኪነጋ፣ እህል እስኪቀምስ ነው። ሙሴ ቫሬል ቀን አልቆረጠም። የሞተች ልጅ ያልወለደቻቸውን ልጆች ፈጥሮ ልጁን አስታቀፋት።

ሰርቬት ማታ ሁለት ሰዎች መጡ። አንዱ ኢዮብ ነው፤ ትራም ይነዳል፣ የአንዲት ትንሽ ጸሎት ቤት ሽማግሌ ነው።

«እኛ ጋ ሲያረዱ አይጮሁም፣ ይጸልያሉ» አለ። «ግን እመጣለሁ። የእኔ ፈረቃ ከቀትር ነው።»

ሁለተኛው አብዱልአዚዝ ነው፤ የድሬ ሰው፣ ምግብ ቤት ውስጥ ወጥ የሚሠራ፣ የልጆች አባት። ሁሉንም ቁጭ ብሎ ሰማ።

«እኔን ይቅር በሉኝ» አለ። «አያቴ ከሽቦው ውጭ ከተጣሉት ናት። እስክትሞት ድረስ ውሃ ስትጠጣ ሁለት እጇን ከብርጭቆው አታነሳም ነበር፣ የሚቀሟት ይመስላታል። የገዢን ልጅ አላጽናናም።»

ትክክል ነበር። ሻዩን ጠጥቶ ተነሳ። ጫማውን ሲያስር ቆየ።

«ስንት ሰዓት ነው?» አለ ሳያየኝ። «የምመጣው ለሕፃኗ ነው። ለሷ ማንም አልቆመም።»

*

ሲነጋ በረዶ ጥሎ ነበር። ቁልፍ ያላት ኂሩት ቀድማ ገባች። እንዳዘዝኳት መድኃኒቷን ሰጠቻት፣ ዳቦና እንቁላል አበላቻት። እኛ ደረጃው ላይ ቆመን ጠበቅን። እኔ ነጠላዬን ለለቅሶ እንደሚለበሰው አዘቅዝቄያለሁ። አምሃ ጥቁር ኮት አድርጓል። አንዲት ጎረቤት ውሻ ይዛ ወረደች። አራት ወንዶች በአንድ በር ላይ ቆመን ስታይ ደነገጠች።

«ማንን ነው የምትፈልጉት?»

«ጎረቤትሽን» አላት ኢዮብ።

«በዚህ ሰዓት?»

«ሰዓቱ ይኸው ነው» አላት። ውሻዋን ስባ ወረደች።

ኂሩት በሩን ከፈተችልን። ተራ በተራ ገባን። ማንም ቦንዡር አላለም። ኦዲል ጠረጴዛ ላይ ነበረች። ልትስቅ ብላ ተወችው። ነጠላዬን አየች። አምሃን፣ ኢዮብን፣ አብዱልአዚዝን አየች። ልጅ ሳለች የወጥ ቤቱ ሠራተኛ ወንድም ሲሞት ሰዎች እንዲህ በማለዳ ዝም ብለው ሲገቡ ከበቀለች ጀርባ ላይ ሆና አይታለች። አልረሳችውም። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ማን ነው?» አለች።

ተጠግቼ ከፊቷ ቆምኩ።

«ቤኬ ናት?»

«አይደለችም።»

ከዚያ በኋላ የቀረው አንድ ስም ነው። ከንፈሯ ሲያወጣው አየሁ፤ ድምፅ አልነበረውም።

«አዎ» አልኩ።

«ትናንት ደህና ናት አልከኝ። መቼ ነው? ሌሊት ነው?»

«በዚያ በጋ ነው። አንቺ በመርከብ ሳትሄጂ ነው። ኩፍኝ ይዟት ከሽቦው ውጭ ሞተች።»

አልጮኸችም። እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤ የዳቦውን ፍርፋሪ በጣቷ ትሰበስብ ጀመር። ሰበሰበችና በተነችው።

«ሦስት ልጆች አሏት ብሎኝ ነበር» አለች። «ስም አውጥቼላቸው ነበር። ለራሴ።»

ከዚያ ወደ ፊት ተደፋች። ኂሩት ከኋላ ያዘቻት። ኢዮብ ዓይኑን ጨፍኖ በሹክሹክታ ይጸልያል። አምሃ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ገዢው እዚያ አለ፣ ፊቱን ወደ ሌላ ግድግዳ አዞረ። አብዱልአዚዝ ወጥ ቤት ገባ። ውሃ ቀድቶ መጣና ብርጭቆውን ለገዢው ልጅ በሁለት እጁ ሰጣት። ጠጣች። እስክትጨርስ አጠገቧ ቆመ።

ስትረጋ ጠየቀችኝ። ማን ከግቢ እንዳስወጣት ጠየቀችኝ፤ እናትሽ አልኳት። አባቴስ አያውቅም ነበር? አለችኝ። ሰኞ ብሎኝ ነበር አልኳት። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። መርዶ በሚረዳ ሰው ላይ ነገር አይከመርም፤ ግን የተጠየቀ አይዋሽም።

«ምን ላድርግ?» አለች።

«ከእናንተ ቤት ለቅሶ የደረሰ የለም። በቀለች አላለቀሰችም። ሰው እየጠበቀች ነው።»

«እስከ ዛሬ?»

«እስከ ዛሬ።»

ምርኩዟን ፈለገች። አምሃ ሊከለክላት ሞከረ፤ ዳሌሽ፣ ሐኪሙ፣ በረዶው አለ። ኦዲል አማርኛ ተናገረች። የልጅ አማርኛ ነው፤ ከተቀመጠበት አቧራ ይዞ የወጣ።

«ጫማዬን አምጡ» አለች።

*

ባቡር ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጥን። ኂሩት አብራን መጣች። ሐይቁ አለፈ፣ የወይኑ ተራራ አለፈ። ኦዲል በመስኮቱ ታያለች፤ የምታየው ግን ውጭውን አልነበረም።

«እዚያ ስገባ ምን እላለሁ?»

«ምንም። ገብተሽ ትቀመጫለሽ።»

«ይቅርታ ልጠይቃት?»

«እሷ የምትጠብቀው ሰው ነው። ግቢና ተቀመጪ።»

ዙሪክ ልንደርስ ስንል ዝናሽ ደወለች።

«አባባ የት ደረስክ? እማዬ ከጠዋት ጀምሮ ዓይኗን አልገለጠችም። ነርሷ መጥታ ነበር። ቤተሰብ ይሰብሰብ አለች።»

«እየመጣሁ ነው።»

«ማንን ይዘህ ነው? ኂሩት ሰው ይዟል አለችኝ።»

«ምንጣፉን ከቁም ሳጥኑ አውጪ» አልኳት።

ዙሪክ ጣቢያው በሰው ተሞልቶ ነበር። ኦዲል በምርኩዟ ትሮጥ ነበር ማለት ይቻላል። ቁሚ ስላት አትሰማም። የኧርሊኮኑን ባቡር በሩ ሊዘጋ ሲል ኂሩት እግሯን አግብታ ያዘችልን። አንድ ሰው በጀርመንኛ ተቆጣ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አፍር ነበር።

ዝናሽ በሩን ከፈተች። ፈረንጇን አይታ ወደኔ ዞረች። አንድም ቃል ሳልናገር ገባት። ፊቷ ጠቆረ። ለእናቷ ያልመጡት ሰዎች እነዚህ ናቸው። ለአንድ አፍታ በሩን አትለቅም ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ገለል ብላ አሳለፈቻት።

በቀለች በጀርባዋ ተኝታለች። ትንፋሿ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ይመጣል። ዝናሽ ወንበር አቀረበች። ኦዲል ወንበሩን አልፋ ሄደች። አልጋው ሥር ደረሰች። ምርኩዙን አስደግፋ ወደ ታች ልትወርድ ጀመረች። ዳሌዋ አልታጠፈም። እኔና ኂሩት በብብቷ ይዘን ወለሉ ላይ አወረድናት። ስትቀመጥ አመማት፤ አላቃሰተችም።

«ቤኬ» አለች። «መጣሁ። ኦዲል።»

ከታችኛው ፎቅ ቴሌቪዥን ይሰማል።

«ቤኬ። ለሉሉ መጣሁ።»

ያ ስም ለቤታችን ግድግዳ አዲስ ነው። በቀለች ዓይኗን ገለጠች። ጣሪያውን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ወደ ታች አየች። ነጩን ጸጉር፣ ፊቱን፣ ዓይኑን ቆማ እንደምትመረምር ሰው ቀስ ብላ አየች።

«ዘገየሽ» አለች።

«ዘገየሁ።»

«አባትሽስ?»

«ሞቷል።»

«እናትሽስ?»

«ሞታለች።»

«አንቺ ቀረሽ።»

«እኔ ቀረሁ። አልነገሩኝም፣ ቤኬ። ትናንት አስረስ ደህና ናት አለኝ፣ ዛሬ ጠዋት ነገሩኝ።»

በቀለች ወደ እኔ ዞረች።

«በማለዳ ነው ያረዳሃት? እህል ቀምሳ?»

«ቀምሳ ነው።»

«ሰው ነበረ?»

«ነበረ።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ «አስረስ፣ ምንጣፉን አንጥፍ» አለች። «አውርዱኝ።»

ዝናሽ እንዴት ተደርጎ፣ ክንድሽ ላይ መርፌው አለ አለች። «አውርዱኝ» አለች በቀለች። ከነአንሶላዋ አቅፈን አወረድናት። ከክብደቷ ይልቅ አንሶላው ይከብዳል። ጀርባዋን አልጋው ላይ አስደገፍናት፤ ከኦዲል ጎን፣ ትከሻ ለትከሻ። እኔም ከፊታቸው ተቀመጥኩ። ዝናሽ ቆማ ነበር፤ ቆይታ እሷም ነጠላ አምጥታ ራሷ ላይ ጣለችና ተቀመጠች።

በቀለች መሬቱን በመዳፏ ዳሰሰች።

«ሉሉ» አለች። «ሉሉዬ። ልጄ።»

ጉልበት የለውም ድምፁ። ጎረቤት የሚያስነሳ ለቅሶ አልነበረም። ግን ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ አብሬው ኖሬያለሁ። ኩፍኙ የወጣበትን ፊቷን ጠራች። ስትወሰድ ለብሳ የነበረውን ቢጫ ቀሚስ ጠራች። ውሃ ጠምቶሽ ነበር፣ እኔ የሰው ልጅ አጥብ ነበር አለች። ኦዲል ቃሉ ሁሉ አልገባትም። ራሷን በበቀለች ጭን ላይ ጥላ ከእሷ እኩል ታለቅሳለች። በቀለች እያለቀሰች እጇ የዚያችን ልጅ ነጭ ጸጉር ያበጥር ነበር፤ እጁ ለራሱ የሚያውቀው ሥራ ነው። እኔም አለቀስኩ። ልጄን ነው።

በቀለች አልቅሳ ወጣላት። ትንፋሿን ሰበሰበች።

«ዝናሽ» አለች፣ «ለልጅቷ ምሳ ስጫት። ለቅሶ የደረሰ ሰው ሳይቀምስ አይሄድም።»

ዝናሽ ተነስታ ያለውን አቀረበች፤ ምስር ነው። ኦዲል እዚያው ምንጣፉ ላይ በእጇ በላች። ልጅ ሳለች ትበላ እንደነበረው ሦስት ጣቷን ብቻ እያስነካች ነው። በቀለች እስክትጨርስ ድረስ አየቻት። ከዚያ ጥቁሩን ሻሽ ከመሳቢያው አውጪልኝና እሰሪልኝ ብላ ዝናሽን አዘዘቻት። ሻሹ ከድሬዳዋ ጀምሮ ያልተፈታ እጥፋት ነበረው።

ታስሮላት ሲያበቃ እጇን በኦዲል ትከሻ ላይ አሳረፈች።

«ደርሰሻል» አለቻት። «ለአባትሽም፣ ለእናትሽም ደርሰሽላቸዋል። ከእንግዲህ ዕዳ የለባችሁም።»